“የሞተ ዓሣ አልታየም” ላላችሁኝ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከኮምቦልቻ

በከተማችንና በዞናችን የግብርና፣ የአካባቢ ጥበቃና የጤና ሥራ ኃላፊነት ለተሰጣችሁ ሁሉ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ። ባለፈው ግንቦት መጨረሻ፣ ከማሳ ወደ ወንዝ የሚገባው ጸረ-ተባይ የዓሣ ጫጩቶችን ይጎዳ እንደሆነ የሚል ጥያቄ ይዤ ከቢሮዎቻችሁ ወደ አንዱ መጥቼ ነበር። የተቀበለኝ ባለሙያ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝ። ከዚያም “መምህር፣ የሞተ ዓሣ ታየ የሚል ሪፖርት እስካሁን አልደረሰንም” አለኝ። በአቀባበሉ ቅር አልተሰኘሁም። መልሱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እኔ የጠየቅሁት ስለ ጫጩት ነበር። የዓሣ ጫጩት ሲሞት ለሪፖርት የሚሆን ሬሳ አይተርፍም፤ ወይ ወፍ ይለቅመዋል፣ ወይ ትልቁ ዓሣ ይውጠዋል፣ ወይ በአንድ ሌሊት ጭቃ ይሆናል።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከከተማው በታች፣ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ፣ ከቦርከና ወንዝ የተጠለፈ የመስኖ ቦይ ያለበት ቦታ ተማሪዎቼን ይዤ ወረድሁ። ባልዲና ወንፊት ይዘናል። ዓላማዬ ቀላል ነበር፦ የዓሣ ጫጩት ሆዱ ሥር ይዞት የሚወለደውን የአስኳል ከረጢት፣ ገና ያልጠነከረውን ስንጥብ (የሚተነፍስበትን) በአጉሊ መነጽር ላሳያቸው። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ደብዝዟል፤ ቦርከና ደግሞ በነጻ ያስተምራል። ቦዩ ተመልሶ ወንዙን ከሚቀላቀልበት ረጋ ያለ ኩሬ ጥቂት ጫጩቶች ቀድተን ባልዲ ውስጥ አስቀመጥን። አንዲት ተማሪ ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየችና “ቲቸር፣ ይሄኛው ሰክሯል” አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ቀረብ ብዬ አየሁት። ጫጩቱ ቀጥ ብሎ መዋኘት አቅቶት በአንድ ጎኑ ይሽከረከራል። ሌሎች ሁለት ደግሞ ጀርባቸው እንደ ማጭድ ጎብጧል።

አንድ ባልዲ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። የጀርባ አጥንት መጉበጥ ከምግብ እጥረትም፣ ከጥገኛ ተውሳክም፣ ከውሃ ሙቀትም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ወዲያው “መርዝ ነው” አላልሁም። ያደረግሁት፣ ቦዩን ተከትዬ ወደ ላይ መሄድ ነው። ብዙም ሳልርቅ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የሽንኩርት ማሳቸውን ረጭተው ጨርሰው፣ መርጫቸውን ከጀርባቸው አውርደው ቦዩ ውስጥ ሲያጥቡ አገኘኋቸው።

ሰላምታ ተለዋወጥን። ምን እንደረጩ ብጠይቃቸው ከመሬት አንድ ሃይላንድ አንስተው አሳዩኝ፤ ግማሽ ድረስ ነጣ ያለ ፈሳሽ አለበት፣ ጽሑፍ የሚባል ነገር የለበትም። ከገበያ የገዙት ተቀንሶ ነው። “ለትሪፕስ ነው። ከዚህ በፊት የነበረው አልገድል ብሎኝ ነው ይሄን የሰጡኝ” አሉኝ፤ ትሪፕስ የሽንኩርት ቅጠል የሚያጠፋ ደቃቅ ተባይ ነው። እዚህ ቦይ ውስጥ ለምን እንደሚያጥቡ ስጠይቃቸው ደግሞ የመለሱልኝን እስካሁን መመለስ አልቻልሁም፦ “አይ መምህር፣ ውሃ ያለው እዚህ ነው። የት ወስጄ ልጠበው?”

ይህን የጻፍሁት ገበሬውን ለመክሰስ አይደለም። ሽንኩርቱ በትሪፕስ ቢበላ የልጆቻቸው ደብተርና የክረምቱ ዘር አብሮ ይበላል። ቲማቲም የሚያመርተውም ቱታ የሚባለው ትል ከመጣ ወዲህ ሳይረጭ ማምረት እንደማይችል ይነግራችኋል። የእኔ ነገር ከመርጨቱ በኋላ ስላለው ነው፤ ስለ እጥበቱ፣ ስለ ባዶው ጠርሙስ፣ ስለ ትርፉ።

እስቲ አብረን እናስላ። በገበያችን ከሚዘወተሩት ጸረ-ተባዮች አንዱ ላምብዳ ሳይሃሎትሪን ነው። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው 5 በመቶ ሆኖ ነው፤ ማለትም በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ሚሊ ግራም መርዝ አለ። ትራውት በሚባለው የውጭ አገር ዓሣ ላይ በላቦራቶሪ ሲፈተን፣ በ96 ሰዓት ውስጥ ግማሾቹን የሚገድለው መጠን በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ወደ 0.2 ማይክሮግራም ገደማ ነው። ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። አካፍሉት። ጠርሙስ ሥር የቀረች 1 ሚሊ ሊትር፣ በሻይ ማንኪያ ብትሰፈር ማንኪያውን ሩብ እንኳ የማትሞላ፣ 250,000 ሊትር ውሃን እዚያ መጠን ላይ ታደርሳለች። 10,000 ሊትር የሚጭን ቦቴ ቢሆን 25 ቦቴ ማለት ነው። በእርግጥ ወንዝ ላቦራቶሪ አይደለም። ይህ ኬሚካል ጭቃና ቅጠል ላይ ቶሎ ስለሚጣበቅ ሙሉ ኃይሉ ውሃው ውስጥ አይቆይም። ግን ጭቃው ላይ የሚጣበቅ ከሆነ፣ ጭቃው ላይ ምን ይኖራል? የጫጩቱ ምግብ።

ሻጩ “ይሄ ለሰው አይጎዳም” ሲል ሙሉ በሙሉ ውሸቱን አይደለም። የሰውና የከብት ጉበት እንዲህ ያለውን ኬሚካል ሰባብሮ ቶሎ የማስወጣት አቅም አለው። ዓሣ በዚህ በኩል ደካማ ፍጥረት ነው። ስለዚህ ለገበሬው “ቀላል መድኃኒት” የተባለው ለዓሣ ከባዱ ይሆናል። በነገራችን ላይ፣ መርዙን “መድኃኒት” እያልን መጥራታችን ራሱ የጉዳዩን ግማሽ ይናገራል።

ሌላው ወገን ማላታይን፣ ዲያዚኖንና ፕሮፌኖፎስ ያሉበት ነው። እነዚህ የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። ነርቭ ለጡንቻ “ተኮማተር” የሚል መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ ከደረሰ በኋላ የሚያጠፋው ኢንዛይም አለ። መርዙ ያንን ኢንዛይም ይይዘዋል። መልእክቱ ሳይጠፋ ስለሚቀር ጡንቻው ተኮማትሮ ይቀራል። ትልቅ ዓሣ ይንቀጠቀጣል፣ ይዝላል፣ መጠኑ ትንሽ ከሆነ ቀስ ብሎ ያገግማል። ጫጩቱ ግን አጥንቱ ገና ለጋ ነው፤ የራሱ ጡንቻ ጎትቶ ያጎብጠዋል። ያቺ ተማሪ “ሰክሯል” ያለችው ትክክለኛ ቃል ነበር።

አያቶቻችንም የሚሉት ይህንኑ ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን “ዓሣው ይሰክራል”፤ ከዚያ በእጅ ይለቀማል። ብርብራ ውስጥ ያለው ሮቴኖን በሌላው ዓለም ለረጅም ዘመን የነፍሳት መግደያ ሆኖ ሲሸጥ የኖረ ንጥረ ነገር ነው። ትል የሚገድለው ዓሣም እንደሚገድል ከእኛ በፊት የነበሩት በተግባር ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ጫጩት ለምን ከእናቱ በፊት ይጎዳል ለሚለው መልሱ ብዙ ነው፤ ሦስቱን ብቻ ልበል። ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ውሃ የሚነካው ቆዳና ስንጥብ ሰፊ ነው፤ ከውሃው ብዙ መርዝ ይመጥጣል። መርዝ የሚያከሽፈው ጉበቱ ገና አልጎለመሰም። ከሁሉ የሚብሰው ግን የሚኖርበት ቦታ ነው። ትልቁ ዓሣ መሀል ላይ ይውላል፤ ጫጩት የሚያድገው ዳር፣ ሣር ሥር፣ ጥልቀት በሌለው ሞቅ ያለ ውሃ ነው። የማሳው ፍሳሽ መጀመሪያ የሚደርሰውም እዚያው ነው። ከሁሉም ቀጭን የሆነው ፍጡር፣ ከሁሉም በቀጠነ ውሃ ውስጥ፣ ከሁሉም የወፈረውን መርዝ ይቀበላል።

ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ (ቲላፒያን) እንውሰድ። እናቲቱ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹንም አስኳላቸውን እስኪጨርሱ፣ ከዕንቁላል አንሥቶ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ አፏ ውስጥ ታኖራቸዋለች። አደጋ ስታይ አፏን ከፍታ መልሳ ትሰበስባቸዋለች። ከዚህ የበለጠ የእናት ጥበቃ በውሃ ውስጥ አላውቅም። ግን እሷ የምትተነፍሰው ውሃ በልጆቿ ላይ አልፎ ነው ወደ ስንጥቧ የሚሄደው። አፏ ከአምባዛ ያድናቸዋል፤ ከዲያዚኖን አያድናቸውም።

ሳይሞት የሚጎዳም አለ። በሰሜን አሜሪካ ሳልሞን ላይ በተደረገ ሙከራ፣ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 ማይክሮግራም ዲያዚኖን የነካቸው ዓሦች የአደጋ ጠረን ሲመጣ መደበቅ ትተዋል። አልሞቱም፤ ቢታዩ ጤነኛ ይመስላሉ። ቀጥሎ የሚመጣው አዳኝ ግን ይለቅማቸዋል። የእናንተ ሪፖርት እንዲህ ያለውን ሞት በምን ዓምድ ይመዘግበዋል?

ከዚያ ምግቡ አለ። ጫጩት አስኳሉን ሲጨርስ የሚበላው በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ የውሃ እንስሳትን፣ የውሃ ቁንጫ የምንለውን ዓይነት፣ ትንሽ ሲያድግም የነፍሳት እጭን ነው። የነፍሳት መግደያ መጀመሪያ የሚያጠፋው እነዚህኑ ነው፤ የተሠራው ለዚያ ነውና። ጫጩቱ መርዙን ቢያልፍ እንኳ ባዶ ገበታ ላይ ይደርሳል። የጤናው ክፍልም ይህን ልብ ይበልልኝ፦ ከጫጩቱ ምግቦች አንዱ የትንኝ እጭ ነው። ከኮምቦልቻ በታች ያለው ቆላ ወባ እንዳለበት እኔ አልነግራችሁም።

“የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ እያለ ስለ ሽንኩርት መድኃኒት ታወራለህ?” የሚለኝ አይጠፋም፤ ጓደኞቼም ብለውኛል። እውነት ነው፣ ቦርከና ከደሴ ወርዶ እዚህ እስኪደርስ የተሸከመውን ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይሸተዋል። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፣ ወደፊትም ይጻፍ። ይሄኛው ግን ቀለም የለውም፣ አረፋ የለውም፣ ባዩት ጊዜ ንጹሕ የመሰለ ውሃ ነው። ለዚህ ነው ጠያቂ ያጣው።

አሁን ወደ “ሪፖርት አልደረሰንም” ልመለስ። ናሙና መቼ እንደሚወሰድ አስቡ። ብዙውን ጊዜ አቤቱታ ይመጣል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ መኪና ይጠየቃል፣ ሁለት ሳምንት ያልፋል። ማላታይን በሞቀ ውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይፈርሳል። ላምብዳ ሳይሃሎትሪን ደግሞ ጭቃው ላይ ተቀምጧል፤ እናንተ የቀዳችሁት ግን ከላይ ነው። ጠርሙሱ አዲስ አበባ ደርሶ “ምንም አልተገኘም” ተብሎ ይመለሳል። ውጤቱ ውሸት አይደለም፤ ሌባው ከሄደ በኋላ ቤት እንደ መፈተሽ ነው።

የሚቆይ ምስክር ግን አለ፤ ዓሣው ራሱ። መርዙ ከውሃው ከጠፋ በኋላ እንኳ ያ የነርቭ ኢንዛይም በዓሣው አንጎል ውስጥ ለሳምንታት ዝቅ ብሎ ይቆያል። ያንን መለካት ላቦራቶሪ ይፈልጋል፤ ከ2014ቱ ጦርነትና ዝርፊያ በኋላ ወሎ ውስጥ የላቦራቶሪ ዕቃ ምን ያህል እንደጎደለ ስለማውቅ ነገ ጀምሩ አልልም። ከዚያ በፊት ግን ርካሽ መንገድ አለ። ጫጩቶችን ወንፊት ሽቦ በተለጠፈበት ዘንቢል ውስጥ አድርጎ፣ አንዱን ከመስኖው ማሳ በላይ፣ ሌላውን ከማሳው በታች ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ፤ በ24፣ በ48፣ በ96 ሰዓት ቆጥሮ መመዝገብ። የላይኞቹ ኖረው የታችኞቹ ካለቁ፣ ቢያንስ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ተገኘ ማለት ነው። ይህ መደረግ ያለበት አቤቱታ ሲመጣ ሳይሆን ርጭት በሚበዛባቸው ሳምንታት ነው፤ በበጋ፣ ወንዙ ቀጥኖ መርዙን የሚያላላ ውሃ በሚያጣበት ጊዜ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ የገበሬው ጥያቄ ነው፦ “የት ወስጄ ልጠበው?” በእያንዳንዱ የመስኖ ቡድን አጠገብ፣ ከቦዩ ራቅ ያለ አንድ የእጥበት ቦታና አንድ በርሜል ውሃ ማዘጋጀት በጀት የሚያናጋ ነገር አይደለም። እስከዚያው ድረስ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አንድ ነገር ብቻ ቢያስተምሩ ይበቃኛል፦ ባዶ ጠርሙስን ሦስት ጊዜ በውሃ አለቅልቆ፣ የተለቀለቀበትን ውሃ መልሶ መርጫው ውስጥ ጨምሮ ሰብሉ ላይ መጨረስ። ገበሬው ገንዘቡን የከፈለበት መርዝ ነው፤ ወንዝ ውስጥ ከሚደፋው ሽንኩርቱ ላይ ቢያርፍ ለእሱም ይሻለዋል። ከቦዩ ጠርዝ ጥቂት ሜትር ሳይረጩ መተውም እንዲሁ። ሣር ያለበት ጠርዝ ብዙ ይይዛል።

ስለ ሃይላንዱ ግን ልመና አይደለም የምጽፈው። ተቀንሶ፣ ስምና መጠን ሳይጻፍበት የሚሸጥ ጸረ-ተባይ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 ከተደነገገው ውጭ ነው። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ለገበሬው ምን ያህል ውሃ ላይ ምን ያህል ይጨመር ብሎ የሚነግረው ጽሑፍ ከሌለ፣ የሚነግረው ሻጩ ነው፤ ሻጩም በክዳን ይለካል።

ከደሴ በስተሰሜን ያለውን የሎጎ ሐይቅን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልቻልሁም። ቦርከና መጥፎም ቢሆን ይፈስሳል፤ ሎጎ ግን ከአርዲቦ ሐይቅ በአንቀርቀሃ ወንዝ በኩል የሚመጣውንና ከዙሪያው ማሳ የሚወርደውን ተቀብሎ የሚያስወጣበት ወንዝ የለውም። የገባው እዚያው ነው። ቆሮሶ እዚያ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም ገደማ ነው፤ ዛሬ በጾም ወራት ደሴና ኮምቦልቻ ምግብ ቤቶች ውስጥ የምናዝዘው ጥብስና ጉላሽ ብዙው ከዚያ ይመጣል። በየዓመቱ ስንት ኪሎ እንደተያዘ የሚመዘግብ ሰው አለ። ስንት ጫጩት ዳር ላይ እንዳደገ የሚመዘግብ ካለ ብታስተዋውቁኝ ደስ ይለኛል። ዓሣ ሲያንስ “ተጠመደ፣ መረቡ ጠበበ” ይባላል፤ እሱም እውነት ነው። ግን ዳሩን ማንም አልቆጠረውም።

በ2012 እና በ2013 አንበጣ ወሎን ሲወርር ከሰማይም ከምድርም ተረጭቷል። ያኔ አማራጭ አልነበረም፤ ማሽላው ዓይናችን እያየ ሲበላ እኔም ብሆን እረጭ ነበር። የመጣው ሲመጣ የተረጨውን የሚከታተል መዝገብ ቀድሞ ቢኖረን ኖሮ ግን ከዚያ ወዲህ ውሃዎቻችን ምን እንደሆኑ ዛሬ በግምት አናወራም ነበር።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘንቢሎች ተማሪዎቼ ሠርተው ጨርሰዋል፤ ሽቦውን ከአንድ ወንፊት ሰፊ ለመነው ነው ያገኙት። የበጋው ሽንኩርት ተተክሎ የመጀመሪያው ርጭት ሲጀመር፣ በኅዳር፣ ቦይዋ አጠገብ እንወርዳለን። ጫጩቶቹን ከላይኛው ንጹሕ ምንጭ እንቀዳለን። የሚጎድለን፣ ቁጥሩ ከመምህር ደብተር ወጥቶ የመንግሥት መዝገብ ላይ እንዲሰፍር አብሮን ቆሞ የሚቆጥርና የሚፈርም አንድ ባለሙያ ነው። መኪና አያስፈልገውም፤ ከመናኸሪያ ሐርቡ በሚሄድ ታክሲ ይደረሳል። ምሳውን ከእኛ ጋር ይበላል። ሽማግሌው ገበሬም እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ መርጫቸውን ይዘው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ ኮምቦልቻ